በደጋም በቆላም የበቀለው ለስላሳ ስንዴ

ይቺን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ጎተራዬ ባዶ ይቅር፣ አታምኑኝም! ድሮ፣ እንስሳት ጉባኤ ሲቀመጡ ሣሩ እንኳ አስተያየት በሚሰጥበት ዘመን፣ የንጉሡ የአያ አንበሶ ጥርስ ረገፈ። ንጉሥ ነውና ረገፈ አልተባለም፤ “ለድዱ ቦታ ለቀቀለት” ተባለ።

ለድድ የሚሆን ዳቦ ለስላሳ ስንዴ ይፈልጋል። አማካሪዋ እመት ጦጢት ዘሩን አምጥታ ጉባኤ ጠራች።

“ይህ ስንዴ በወይና ደጋም፣ በደጋም፣ በቆላም በአንድ ቀን ይዘራ!”

አህዪት የቆላው ማሳ ደርሷት ነበርና ጆሮዋን አቆመች። “እመት ጦጢት፣ የእኛ ቆላ እኮ ማሽላም ጥላ የሚፈልግበት ነው።”

“አየሩ ይታዘዛል።”

“ካልታዘዘስ?”

አያ ጅቦ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። “ማሳው ባዶ የሆነበት ገበሬ የእኔ እራት ነው፤ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።”

ተዘራ። ወይና ደጋው ላይ ቀጭኔ እስክትደበቅበት አደገ። ደጋው ላይ ውርጭ መታው። ቆላው ላይ ዘሩ መሬት ሳይነካ ቆሎ ሆነ፤ አህዪት ቀምሳዋለች፣ ጨው ብቻ ነው የጎደለው።

ንጉሡ ሊጎበኝ ሲነሣ አህዪት እያለቀሰች ጦጢት ዘንድ ሄደች።

“ምን ያስለቅስሻል?” አለቻት ጦጢት። “ንጉሡ ማሳዎቹን የሚያየው ተራ በተራ እንጂ ባንዴ አይደለም። አንቺ ደግሞ አራት እግር አለሽ።”

ንጉሡ ወይና ደጋውን አይቶ ዞር ሲል፣ አህዪት ስንዴውን በጥርሷ አጭዳ፣ ተጭና፣ በአቋራጭ ደጋ ወጣች፤ አንድ በአንድ ተከለችው። ጦጢት መንገድ ላይ ንግግር ታደርግ ነበር፤ እሷ እስክትጨርስ ቀንድ አውጣ ተራራውን ወጥቶ ወርዷል። ደጋው ታየ፣ ተጨበጨበ። አህዪት ያንኑ ነቅላ ወደ ቆላ ወረደች። አንዲት ዛላ አልበላችም፤ ይህንንም አታምኑኝም። ጀርባዋ ተገሽልጧል፤ ከጀርባዋ መዥገር የምትለቅመው ወፍ ደግሞ ነዶው ላይ ተቀምጣ፣ “አንቺ፣ ቤቴን እኮ በገለባ ሞላሽው!” እያለች ስትነጫነጭ ዋለች።

ቆላው ላይ ንጉሡ ስንዴውን ሊዳስስ መዳፉን ሰደደ። ስንዴው ብድግ ብሎ መዳፉ ውስጥ ቀረ። ጉባኤው ትንፋሹን ዋጠ፤ አያ ጅቦ ምራቁን።

“ሥሩ የታለ?” አለ ንጉሡ።

ጦጢትን ሳል ያዛት። አህዪት ዓይኗን ጨፈነች።

“ምን ያስልሻል?” አለቻት ወፏ። “ሦስቱንም አገር አብሬው ዞሬያለሁ፤ ሥሩማ የአህዪት ጀርባ ነው!”