የአበባሽ ድስት

ልጆቹ «እማማ፣ ያጫውቱን» ስላሉኝ ነው የማነሣው። ድስት ለማየት ብቻ የሚያጥብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የመካነ ሰላም ጎረቤቴ አበባሽ ማጀቷ እንደ መስጊድ የተጠረገ ነው። አንዷን ድስት ግን በአመድ ፈትጋ ለብቻዋ ከፍ አድርጋ ትሰቅላት ነበር። ድስት ናት ወይስ ሙሽራ?

አንድ ፋሲካ እንግዳ በዛባትና ላግዛት ገባሁ። ዶሮ ወጡን ልገለብጥባት ያችን ድስት ሳወርድ፣ አበባሽ ቤት እንደተቃጠለበት ሰው በእኛ በእስላሞቹ መሐላ ጮኸች።

«ዘሃራ! ወላሂ እሷን ከነካሽ አንተያይም!»

«ድስትሽ ትቅበርሽ!» ብያት ወጣሁ፤ ወር ሙሉ ደጇን አልረገጥኩም። ኋላ ታረቅን፤ ድስቷን ግን አንዳችንም አላነሣናት።

ከስንት ዓመት በኋላ ልጇ ነገረችኝ። ያች ድስት የክርስቲያን ሥጋ ነክቷት አያውቅም። እኔ ስመጣ ሽሮዬ የሚሠራባት፣ የእኔው ድስት ኖራለች።