የእትዬ ቆይ ምስክሮች

በየቤተሰቡና በየመሥሪያ ቤቱ፣ በሩን ቆልፎ መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ መጥቶ የሚገፋ አንድ ሰው አይጠፋም። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ መቆለፉንም ያስታውሳል፤ ግን እጁ ካልገፋው ልቡ አያርፍም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤት አንድ ቀን ሌባ ይገባበታል። ያለበት ቤት ደግሞ ሠርግ የሚደርሰው ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ነው።

ወጣቱ ፕሮግራመር በተቀጠረበት ቢሮ ይህ ሹመት የእትዬ ቆይ ነበር። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ እትዬ ቆይ ናቸው፤ አፋቸውን የሚከፍቱት «ቆይ እስቲ» ብለው ነዋ። ሥራቸው ፍተሻ ነው፤ ሌሎች የጻፉትን የድረ ገጽ ኮድ ሕዝብ ከመንካቱ በፊት እሳቸው ይነኩታል። አነካካቸው ግን ለጠላት አይስጥ።

ክብርት እትዬ ቆይ አንድን ቁልፍ አንዴ ብቻ ተጭነው አያውቁም፤ ባለቤቱን እንቅልፍ እንደወሰደው ቤት መጥሪያ ይደጋግሙታል። ስም በሚጻፍበት ቦታ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ይሞላሉ። የልደት ቀናቸውን ገና ያልመጣ ዓመት ላይ ያደርጉታል። ገጹ መልእክት እየላከ ሳለ የኔትወርኩን ገመድ ከግድግዳው ነቅለው ስክሪኑን ትኩር ብለው ያዩና «አሁንስ ምን ይውጥሃል?» ይሉታል፣ ኮምፒውተሩን።

ከሥራ ውጭም ያው ናቸው። ጃንጥላቸውን ቢሮ ውስጥ ዘርግተው ሳያዩ ዝናብ ላይ አይወጡም። የሊፍቱ መጥሪያ በርቶ እያዩት ይጫኑታል። አዲስ ወንበር ሲመጣላቸው መጀመሪያ በመዳፋቸው ጫን ያደርጉታል፣ ይለቁታል፣ ደግመው ጫን ያደርጉታል፤ መቀመጥ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ባልደረባቸው የሠርግ መጥሪያ የሰጣቸው ዕለት፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ እፊቱ ቆመው ደወሉ። ኪሱ ውስጥ ሲጮኽ ሰሙና «ቁጥሩ ይሠራል» አሉ። «በል አሁን እንኳን ደስ ያለህ።»

ስለዚህ በዚያ ቢሮ ሥራ ዘገየ በተባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ እሳቸው ነው። አለቃው በስብሰባ ላይ «ምክንያቱን ታውቁታላችሁ» ይላል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሳቸው መነጽራቸውን ይወለውላሉ።

ወጣቱን ግን ያን ቀን ሳቅ የሚባል ነገር አልቀረበውም። የሙከራ ጊዜው ሊያበቃ ነው። ብቻውን የጻፈው የመጀመሪያ ሥራ፣ የአንድ ዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ፣ ከምሳ በኋላ ለሕዝብ ይከፈታል። አለቃው ጠዋት በጠረጴዛው በኩል ሲያልፍ፣ «ይሄ በሰዓቱ ካለቀ ትቀራለህ። ካላለቀ ግን… እንግዲህ» ብሎት ሄዷል። ያቺ «እንግዲህ» ከጠዋት ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ተቀምጣለች። ቁርስ ቢያቀርብላት አልበላ አለች። ኮዱን ከላይ ወደ ታች አነበበ፤ ከታች ወደ ላይ አነበበ። ኮድን ሳያስኬድ የሚያነብ ማረሚያ ፕሮግራም አለ፤ እሱንም አስነበበውና «ስህተት የለም» አለው። እግሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር መርገብገቡን አልተወም።

«እትዬ፣ እባክዎ ይለፍ ይበሉኝ» አላቸው።

«ቆይ እስቲ።»

«አንብቤዋለሁ እኮ! ማረሚያውም አንብቦታል።»

«አነበባችሁት። ሲሠራስ ማን አየው?»

«ይኸው እዚህ ጋ፤ ሰዓት ከተመረጠ ቀጠሮውን ላክ ይላል። ግልጽ ነው።»

«ልጄ፣ የሚለውን አልጠየቅኩህም። የሚያደርገውን አሳየኝ።» ከ«ቆይ እስቲ» ቀጥሎ የሚደጋግሟት ይቺን ነው። «ሰው ስለ ራሱ የሚያወራውን ትሰማለህ? ጎረቤቱን ነው የምትጠይቀው። በል ምስክር አቁም።»

ምስክር ማቆም ማለት በኮዱ እርምጃዎች መሃል አንዳንድ መስመር ማስገባት ነው። ኮዱ ሲሄድ በዚያ ካለፈ መስመሯ «በዚህ አልፏል፣ ይህን ይዞ ነበር» ብላ ትጽፋለች። ወጣቱ አራት ምስክር አቆመ፤ አንዱን ሰዓት ሲመረጥ፣ አንዱን ከመላኩ በፊት፣ አንዱን ሲላክ፣ የመጨረሻውን ገጹ ሲያመሰግን። በመስኮቱ በኩል ሰዎች ለምሳ ሲወጡ ይታያሉ። በዓይኑ እየተከተላቸው የረፋዱን ቀጠሮ ተጫነ። አራቱም ተናገሩ። የመጨረሻውን ሰዓት ተጫነ። አራቱም ተናገሩ።

«ይኸው! ጨረስን፣ አይደል እትዬ?»

«ቆይ እስቲ። ለብቻህ ስትሞክር የትኛውን ሰዓት ነበር የምትመርጠው?»

«እንጃ… መሃል ያለውን። እጄ ያረፈበትን።»

«ዓይኑን ሲያመው ያደረ ሰውስ የትኛውን ይመርጣል?»

ወጣቱ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ተጫነ። አንደኛው ምስክር ተናገረ። ሁለተኛው ተናገረ። ከዚያ አራተኛው ተናገረና አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ «እናመሰግናለን፣ ቀጠሮዎ ተይዟል።»

«ሦስተኛው የት ገባ?» አሉ እትዬ ቆይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሦስተኛው ጭጭ ብሏል። ሁለተኛው ግን ኮዱ በእጁ ይዞት የነበረውን መዝግቧል፤ ዜሮ። ገጹ ሰዓቶቹን የሚቆጥረው ከዜሮ ጀምሮ ስለሆነ የመጀመሪያው ሰዓት ቁጥሩ ዜሮ ነው። ኮዱ «የተመረጠ ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ ያ የኮድ ቋንቋ ዜሮን እንደ ባዶ እጅ ይቆጥረዋል። «የለም» ይልና ቀጠሮውን ሳይልክ ያልፋል። አልፎም ያመሰግናል። ወጣቱ ይህን ሕግ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ነገር ግን ያቺን መስመር ባነበበ ቁጥር ያነበበው የተጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ነበር።

በሐሳቡ አንድ ሰው ታየው። ዓይኑን በመሐረብ ሸፍኗል፤ በልጁ ክንድ ተደግፎ የክሊኒኩ በር ሳይከፈት ደርሷል። «ስምዎ የለም አባባ» ይሉታል። በማግስቱ ሌላ ሰው ይመጣል፤ እሱንም እንዲሁ። ሁልጊዜ ቀድሞ የመጣውን።

«እህ፣ አለቀ?» አለቃው በሩ ላይ ቆሟል።

ወጣቱ ከስክሪኑ ቀና አለ። ሆዱ ውስጥ የተቀመጠችው «እንግዲህ» ብድግ አለች።

«በኔ ነው» አሉ እትዬ ቆይ። «ገና እያየሁት ነው። ታውቀኝ የለ?»

«ዛሬም እትዬ? እርስዎ እኮ በራስዎ ቀብር ላይ እንኳ ቆይ እስቲ ማለትዎ አይቀርም!»

«እሱማ ጉድጓዱን ሳላይ አልገባም።»

አለቃው እየሳቀም እየተነጫነጨም ሄደ። ወጣቱ ፈዞ ቀረ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? አስተካክል እንጂ!»

«እትዬ… ባለፈው የትምህርት ቤቱ ገጽ የዘገየው በእርስዎ ነው ተብሎ ነበር።»

«ተብሎ ነበር።»

«የመጋዘኑስ?»

«እሱም ተብሏል። ጣትህን አንቀሳቅስ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ወጣቱ ዙሪያውን አየ። በስብሰባ ላይ ከሁሉ አስበልጠው የሚስቁት እዚያው ናቸው፤ በየስክሪናቸው ላይ አቀርቅረዋል። የተባለውን ሁሉ ሰምተዋል። አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ዜሮም እንደ ማንኛውም ቁጥር እንዲቆጠር መስመሯን አስተካከለ። ጣቱን ከማንሳቱ አለቃው ተመልሶ መጣ፤ በአንድ እጁ ስልክ ይዟል፣ ሌላውን ገጹን በሚከፍተው ኮምፒውተር ማውስ ላይ አሳርፏል።

«የክሊኒኩ ሰዎች መስመር ላይ ናቸው። ልከፍተው ነው!»

«ቆዩ እስቲ!»

አለቃው ከልማዱ የተነሳ ወደ እትዬ ቆይ ዞረ። «አሁን ደግሞ ምን ሆኑ?»

«እሳቸው አይደሉም ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለ ወጣቱ። «ቅድም የዘገየውም በኔ ነው። መጀመሪያ የሚመጣውን በሽተኛ የሚጥል ስህተት ነበረብኝ። አስተካክዬዋለሁ፤ ግን ካስተካከልኩት ወዲህ ሲሠራ አላየሁትም።»

አለቃው ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። ወጣቱን አየው፣ እትዬ ቆይን አየ፣ ያቀረቀሩትንም አንድ በአንድ አየ።

«እንግዲህ…» አለ።

ወጣቱ ዓይኑን ጨፈነ።

«…እንግዲህ ቶሎ በል እንጂ! ጥቂት ጠብቁ እላቸዋለሁ።»

የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ተጫነ። አንደኛው ተናገረ። ሁለተኛው ተናገረ። ሦስተኛው ትንሽ ያመነታ መሰለ። ከዚያ ተናገረ።

«እትዬ፣ አዩት? ተናገረ!»

እትዬ ቆይ ስክሪኑን እያዩ አልነበረም። መዳፋቸውን የወጣቱ ትከሻ ላይ አሳረፉና ጫን አደረጉት፣ ለቀቁት፣ ደግመው ጫን አደረጉት።

«ይሠራል» አሉ።