የመርሳ ማንጎ ክብ ስቲከር

(መርሳ፣ ሚያዝያ 2014 ዓ.ም.። የዓሪፍ ቤት የፊት ክፍል። ዓሪፍ ቤቱ ውስጥ ስቲከር እየቆረጠ የሚሸጥ ሰው ነው። ከተማው በጦርነቱ ሲያዝ እሱ ደሴ ሸሽቶ ነበር፤ ሲመለስ የመቁረጫ ማሽኑ ተዘርፎ ጠበቀው። አሁን የቀረው መቀስ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ፈንታው፣ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ፣ አንዱን ስቲከር ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል።)

ፈንታው፦ ድንች ነው።

ዓሪፍ፦ ክብ ነው።

ፈንታው፦ እኔ ድንች በልቼ ያደግኩ ሰው ነኝ ዓሪፍ። ይሄ ድንች ነው።

ዓሪፍ፦ ተወው።

ፈንታው፦ ይሄኛውስ?

ዓሪፍ፦ እሱም ክብ ነው።

ፈንታው፦ ጥግ አለው እኮ።

ዓሪፍ፦ ትንሽ ጥግ ነው።

ፈንታው፦ ማንጎው ላይ ሲለጠፍ ጥጉ አይነሳም?

ዓሪፍ፦ ይነሳል።

ፈንታው፦ ታዲያ እትዬ ቡርቱካን ምን ይላሉ?

ዓሪፍ፦ ያሻቸውን ይበሉ። ደሴ ያለው ነጋዴ የሌላ አገር ማንጎ "የመርሳ ነው" እያለ እየሸጠ ቢያስቸግራቸው፣ "የመርሳ ማንጎ" የሚል ክብ ስቲከር ለጥፌ ልላክ አሉ። ወረቀቱን ደሴ አሳትመው አመጡልኝ፤ አንተ ቁረጥልኝ አሉኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ በአይሱዙ ይጫናል። ካልወደዱት መቀሱን አስቀምጬ አዲስ አበባ አጎቴ ጋ እሄዳለሁ።

ፈንታው፦ አጎትህ ምን ይሠራሉ?

ዓሪፍ፦ ጥበቃ ናቸው።

ፈንታው፦ አንተስ ምን ልትሠራ?

ዓሪፍ፦ እሳቸው ሲተኙ እጠብቃለሁ።

ፈንታው፦ ማሽኑ ቢኖር ኖሮ...

ዓሪፍ፦ የሌለ ነገር አታንሳብኝ።

ፈንታው፦ እሺ፣ ያለውን ላንሳ። መቁረጫ ይዤልህ መጥቻለሁ። ግራና ቀበሌ ፓምፕ ልጠግን ሄጄ ማሳ ዳር ወድቆ ያገኘሁት ነው።

(ከኮቱ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ይገልጠዋል። ብርጭቆ የሚያህል ክብ ቢጫ ብረት ነው። ከዓሪፍ እጅ መቀሱ ይወድቃል።)

ዓሪፍ፦ ፈንታው።

ፈንታው፦ አቤት።

ዓሪፍ፦ እንዳትነቃነቅ። እጅህ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ፈንታው፦ መቁረጫ።

ዓሪፍ፦ የመድፍ ነው።

ፈንታው፦ የመድፍ ምኑ?

ዓሪፍ፦ የመድፍ... ሆዱ።

ፈንታው፦ መድፍ ሆድ አለው እንዴ?

ዓሪፍ፦ አለው። ሳይፈነዳ ሲቀር የሚቀረው ሆዱ ነው። ያልፈነዳ ነገር አትንኩ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ የት ነበርክ?

ፈንታው፦ ፓምፕ ሥር። ሲጮህ ምንም አይሰማም።

ዓሪፍ፦ እጅህን ዘርጋ። ከደረትህ አርቀው። ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ግድግዳው።

ፈንታው፦ ግድግዳው እኮ ያንተ ነው።

ዓሪፍ፦ ግድግዳ ተመልሶ ይሠራል።

(አግዳሚ ወንበሩን ገልብጦ ከኋላው ይገባል። ከአግዳሚው በላይ ግንባሩ ብቻ ይታያል።)

ፈንታው፦ በምን አወቅክ ግን?

ዓሪፍ፦ በቀለሙ። ደሴ ያረፍኩት አንድ ጡረታ የወጡ አሥር አለቃ ቤት ነበር። ሁሉን አስተምረውኛል። ድምፁን ብቻ ሰምቼ ከባዱን ከቀላሉ እለያለሁ።

ፈንታው፦ የዚህ አገር ድምፅ ደሴ ድረስ ይሰማ ነበር?

ዓሪፍ፦ እሳቸው በአፋቸው ያሰሙኝ ነበር።

ፈንታው፦ እኔ እዚሁ ነበርኩ። ብዙ ሰማሁ፤ ግን አንዱን ከሌላው አልለየሁም። ሁሉም አንድ ነበር።

ዓሪፍ፦ ላልተማረ ሰው አንድ ነው። አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ካገኘኸው በኋላ ምን አደረግከው?

ፈንታው፦ ምንም። ጠርዙን በድንጋይ ሞረድኩት።

ዓሪፍ፦ ሞረድከው።

ፈንታው፦ እንዲቆርጥ ነዋ። ከዚያ በፊት ጠማማ ስለነበር በመዶሻ አቃናሁት።

ዓሪፍ፦ ያ ረቢ። ቀስ ብለህ ነው የመታኸው?

ፈንታው፦ ቀስ ብዬ ብመታው መች ይቃናል? ከዚያ ቤት ለሚስቴ ወሰድኩት። የፀዳለ ሙቀጫ ተዘርፏል አይደል፣ ነጭ ሽንኩርት ጨፈለቀችበት።

ዓሪፍ፦ በመድፍ ሆድ።

ፈንታው፦ ጥሩ ወጣላት።

ዓሪፍ፦ እዚህ ድረስስ በምን መጣህ?

ፈንታው፦ በአዳነ ባጃጅ። ሞልቶ ነበር። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ልጁ ሲያለቅስባት ጊዜ ይሄንን ሰጠሁት። ጥርስ እያበቀለ ነው መሰለኝ፣ ሲነክሰው ዝም አለ።

(ዓሪፍ ከአግዳሚው ኋላ ይሰወራል። ድምፁ ብቻ ይሰማል።)

ዓሪፍ፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ።

ፈንታው፦ ዓሪፍ፣ እጄ ደከመ።

ዓሪፍ፦ ስማኝ። የምልህን ብቻ ታደርጋለህ። ወደ በሩ ትሄዳለህ። ግራ እግርህን አንሳ።

ፈንታው፦ አነሳሁ።

ዓሪፍ፦ አሁን ቀኙን።

ፈንታው፦ ግራው ሳይወርድ?

ዓሪፍ፦ አውርደው እንጂ። አሁን ወደ ግራ ዙር።

ፈንታው፦ ያንተ ግራ ነው የኔ?

ዓሪፍ፦ የሚሞተው ሰው ግራ።

ፈንታው፦ የሚሞተው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ዓሪፍ፦ ዝም ብለህ ቁም በቃ። አትዙር።

(ፈንታው እጁን እንደዘረጋ ቆሟል።)

ፈንታው፦ ዓሪፍ፣ አንድ ነገር ብሆን ለፀዳለ ምን ትላታለህ?

ዓሪፍ፦ ለኔ መቁረጫ ሊያመጣ ብሎ ነው እላታለሁ።

ፈንታው፦ ጥሩ ነው። እንዲያ በላት።

(ዓሪፍ ከአግዳሚው ኋላ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀርባል።)

ዓሪፍ፦ ስጠኝ።

ፈንታው፦ ምን?

ዓሪፍ፦ ስጠኝ እኔ ልያዘው። አንተ ልጆች አሉህ። እኔ አጎት ብቻ ነው ያለኝ።

ፈንታው፦ ዓሪፍ፣ ቆይ እስቲ...

ዓሪፍ፦ አትከራከረኝ። ስጠኝና ቀስ ብለህ ውጣ።

(ከፈንታው እጅ ይቀበለዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ወይዘሮ ቡርቱካን፣ የማንጎው ባለቤት፣ በሩን ገፋ አድርገው ይገባሉ።)

ቡርቱካን፦ ደህና ዋላችሁ? አይሱዙው ሊነሳ ነው እኮ።

ዓሪፍ፦ እትዬ ቡርቱካን፣ ይመለሱ። መድፍ ነው።

ቡርቱካን፦ የቱ?

ዓሪፍ፦ እጄ ላይ ያለው።

(ቀርበው ያዩታል። ከእጁ ይወስዱና ወደ በሩ አዙረው በቀዳዳው ማዶ ለማዶ ያያሉ። ያሸቱታል።)

ቡርቱካን፦ ልጄ፣ ይሄ የፓምፕ ቧንቧ የሚያያይዙበት ብረት ነው። የኔም ማሳ ላይ አለ። የኔው ግን ነጭ ሽንኩርት አይሸትም።

(ፈንታው ብረቱን ይቀበላቸዋል። የታተመውን ወረቀት እንጨት ላይ ያነጥፋል፣ የብረቱን ጠርዝ ያስቀምጥበታል፣ ከመሣሪያ ቦርሳው መዶሻ አውጥቶ አንዴ ይመታዋል። ያነሳዋል።)

ቡርቱካን፦ ክብ ማለት እንዲህ ነው። ልጆቼ፣ ቶሎ በሉ፤ እኔ ሾፌሩን ላቆየው። ገዢዎቹ ይሄን ከወደዱልኝ ለፓፓያውም እናንተው ትቆርጣላችሁ።

(ይወጣሉ። ዓሪፍ የተገለበጠው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል።)

ዓሪፍ፦ ፈንታው።

ፈንታው፦ አቤት።

ዓሪፍ፦ አንተ ፓምፕ ጠጋኝ ነህ።

ፈንታው፦ ነኝ።

ዓሪፍ፦ ይሄን ብረት ታውቀዋለህ።

ፈንታው፦ እንጀራዬ ነው።

ዓሪፍ፦ ታዲያ ገና መድፍ ስል ለምን አልነገርከኝም?

ፈንታው፦ ልነግርህ ነበር። ግን ማሽንህ ከሄደ ወዲህ "እሺ" እና "ተወው" እንጂ ሌላ ነገር ካፍህ ወጥቶ አያውቅም። ድሮ ባጃጅ ሲበላሽ፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ የሰው ሆድ ሲታመም፣ ሁሉን የምታስተምረን አንተ ነበርክ። ዛሬ መድፍ ሆድ አለው ስትለኝ፣ ዓሪፍ ተመለሰ አልኩ። ደስ አለኝ። ትንሽ ልስማው ብዬ ነው።

ዓሪፍ፦ ሕፃኑስ?

ፈንታው፦ ሕፃን አልነበረም። በእግሬ ነው የመጣሁት።

ዓሪፍ፦ እኔ ደግሞ ለሕፃኑ ዱዓ እያደረግኩለት ነበር።

ፈንታው፦ ይጠቅመዋል፣ የትም ይሁን የት። (ዝቅ ባለ ድምፅ) ከአግዳሚው ኋላ ወጥተህ "ስጠኝ" ትለኛለህ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። እዚያ ላይ ሞኙ እኔ ሆንኩ።

(ዓሪፍ ተነስቶ መዶሻውን ከፈንታው እጅ ይወስዳል።)

ዓሪፍ፦ ወረቀቱ ላይ ያዝልኝ፤ እኔ ልምታ።

ፈንታው፦ እጅህ ገና እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ።

ዓሪፍ፦ አውቃለሁ።

ፈንታው፦ ጣቴ እዚህ ነው ያለው።

ዓሪፍ፦ አየሁት። አሁን ደግሞ አንተ ፍራ።