የ1964ዋ ሩብ ዶላር

በዚህ ዓለም ላይ ዕድሜውን ሳያፍር ፊቱ ላይ ጽፎ የሚዞር ሳንቲም ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም አይደለም። አያቶቻችን የተገበያዩባት፣ ንግሥት የተቀረጸችባት ማርትሬዛ ስንት ዘመን ሙሉ ስትመታ ኖራ፣ ከ1780 ንቅንቅ አላለችም። ሴትየዋን ማን ደፍሮ ይጠይቃታል?

እኔ ግን የምሰበስበው የአሜሪካኑን ነው። ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ምን ይሥራ? ጎንደር ደግሞ ለዚህ የተባረከች ከተማ ናት። ፈረንጁ ግንቡን አይቶ ሲያበቃ ለአስጎብኚው ሳንቲም ያሸክመዋል፤ ባንክ ቤት ደግሞ የውጭ ሳንቲም አይመነዝርም። በየመሳቢያው ቁጭ! ከዚያ መሀል እውነተኛ ብር ለቅሞ ማውጣት ነው ጥበቡ። ብር ስል ወረቀቱን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ የአሜሪካ ሩብ ዶላር እስከ 1964 በብር ተመታ፤ ከዚያ ብር ሲወደድባቸው መዳቡን ኒኬል አልብሰው ያወጡት ጀመር።

ይህን ደንብ ሰርግ ቤት ለሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ ለአያ ዘውዱ፣ መንገሬ ነው ጥፋቴ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱም ሰብሳቢ ሆኖ አረፈው!

በቀደም አስጎብኚው ጎረቤታችን ሞላ ሁለት ሩብ ዶላር ይዞ መጣ። አንዷ ጠቁራለች፤ የ1964 ናት። ስድስት ዓመት ስፈልጋት የኖርኩ፣ ከስብስቤ የጎደለችኝ እሷ ብቻ! ሌላዋ የ1970፣ ታብረቀርቃለች። ምን ዋጋ አለው፣ አያ ዘውዱ እዚያው ተቀምጧል። ሞላ አንዳንድ ውሰዱ አለን። ታላቅ ባለበት ታናሽ እጁን አይዘረጋምና፣ ምረጥ አያ አልኩት፤ ዓይኔ ግን ከጠቋራዋ አልነቀል አለ።

መነጽሩን አጠለቀ፤ በጣቱ ቆጠረ፤ ፈገግ አለ። ደንቡ እስከ 1964 አይደል? የ1970ዋ በኛ ስትቆጠር 1962 ናት፤ እንግዲያው ሁለቱም ብር ናቸው፤ ሸጋይቱ እያለች ጠቋራዋን ምን ላደርጋት? ብሎ የምታብረቀርቀዋን ኪሱ ከተተ።

አቤት ደስታ! ጥቁሯን ላፍ ካደረግሁ በኋላ ነው እስቲ የሁለቱንም ጠርዝ እይ ያልኩት። በእሱ ሳንቲም ጠርዝ ላይ የመዳቡ ቀይ መስመር ፍጥጥ ብሏል፤ የኔዋ ዙሪያዋን ነጭ። ምነው፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ሳትለኝ! ብሎ ጮኸ። ማን ጠየቀኝ? አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሰው ድል ባደረገ ጊዜ አፉን ቢዘጋ ምን ነበረበት? ሚስቴን ጠርቼ፣ ይቺ እኮ አንቺ በተወለድሽበት ዓመት የተመታች ናት፤ ያንቺ 1956 በፈረንጅ 1964 ነው ብዬ ጎረርኩ። ውይ፣ በኔ ዓመት? ብላ ከእጄ ወሰደቻት። በማግስቱ አራዳ ብር ሠሪ ዘንድ ሄዳ፣ ማንጠልጠያ አስበይዳ፣ አንገቷ ላይ አደረገቻት።

ስብስቤ ተሟላ ማለት ነው፤ አንዷ የምታድረው ሚስቴ አንገት ላይ ሆነ እንጂ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ ከበቧት። በተወለድኩበት ዓመት የተመታች ናት አለቻቸው፣ ቁጥሩን ወደ ውጭ አዙራ። 1964 የሚለውን አነበቡና፣ አንቺ ገና ልጅ ነሻ! አሉ። ስምንት ዓመት በአንድ ጊዜ ወረደላት! ወደ ቤት ስንመለስ፣ ምነው፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ሳትያቸው? ብላት፣ ማን ጠየቀኝ? አለችኝ፣ ደረቷን ነፍታ።