የሰረዝኋት ቁጥር ሰባትና የእትዬ ይታይሽ ዓሣ

ዛሬ ዓባይ ማዶ ላይ ማይክ ይዤ ራሴን አዋረድሁ! ቪዲዮውን ሳታዩት ከእኔው ስሙት።

ለማታውቁኝ፦ ሥራዬ የሱቆችን የሽልማት ዕጣ ማውጣት ነው። ደንቡን እጽፋለሁ፣ ፈቃድ አስወጣለሁ፣ በዕጣው ቀን እለፈልፋለሁ። ሕጋዊ ሰው ነኝ። አትሳቁ!

የዛሬው የአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ነበር። ሽልማቱ ፍሪዘር። ሰው ጢም ብሏል፣ ባጃጆች መንገዱን ዘግተዋል፣ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የመጣችው ተቆጣጣሪ ወንበር ይዛለች።

ሳጥኑ ውስጥ እጄን ሰድጄ አንድ ኩፖን አወጣሁ። ስም የለበትም።

ዓሣ ተሥሎበታል።

ኩፖኑን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት።

ያቺን ዓሣ አውቃታለሁ! ጅራቷ ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ዓይኗ ከሆዷ የሚበልጥ። የእኔ ሥራ ናት።

ወጣት ሳለሁ በጥምቀት ጣና ዳር ቶምቦላ አጫውት ነበር። ፈቃድ? የምን ፈቃድ! መጻፍ ስለማልችል ካርቶን ቆርጬ በከሰል እሥላለሁ፤ ታንኳ፣ ሎሚ፣ ዶሮ፣ ዓሣ። ሽልማቱ ሳሙና፣ መስታወት፣ ሲበዛ ሳፋ። የትኛው ሥዕል የማን እንደሆነ በቃሌ እይዛለሁ፤ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። የሐይቁ ነፋስ ካርቶኖቼን ሲበትናቸው ተጫዋቾቹ ራሳቸው እየሮጡ ይለቅሙልኝ ነበር። ዛሬ ማን ይለቅምልሃል?

ዓሣዋ የእትዬ ይታይሽ ነበረች። ያኔም ዓሣ ሻጭ፣ ዛሬም ዓሣ ሻጭ። ከእኔ ካርቶን ላይ አይተው እንደ ፊርማ ይዘዋት ኖሯል።

ቀና ስል እትዬ ይታይሽ የኩፖኑን ቀሪ፣ ቁጥር ያለበትን ቁራጭ፣ ይዘው ቆመዋል። ኩፖኑን ያገኙት ከሱቁ ምድጃ ገዝተው ነው። ቁጥሩን አየሁት፤ ገጠመ። ሰዉ አጨበጨበ!

"እሰይ! ከእንግዲህ ከሰዓት ፀሐይ ሲበረታ ዓሣዬን ለውሻ አልጥልም!" አሉ።

ተቆጣጣሪዋ ደንቡን ገለጠች። "'ስሙን ያልጻፈ አይሸለምም' ይላል። የጻፉት እርስዎ ነዎት።"

ማይኩን ወደ ሌላው እጄ አዛወርሁ።

"በሰጠንዎት የደንብ ናሙና ላይ እኮ ቁጥር ሰባት ነበረች። 'መጻፍ የማይችል በአሻራ ወይም በምልክት ይሳተፋል' የምትለዋ። ለምን ሰረዟት?"

"በዚህ ዘመን መጻፍ የማይችል ማን አለ ብዬ ነዋ!"

ማይኩ ክፍት ነበር። ድምፄ ድልድዩን ተሻገረ።

ይህን ያለው ማን ነው? በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ከልጆቹ ደብተር ሀ ሁ የቆጠረ ሰው!

እውነቱን ላውጣው። ቁጥር ሰባትን ሳነባት አውራ ጣቴ ላይ ያ ሰማያዊ ቀለም ታየኝ። ቀበሌ ስሄድ "ጣትህን አምጣ"፣ ባንክ ስሄድ "ጣትህን አምጣ"። ተናደድሁና ሰረዝኋት። እንዳትታይም ደግሜ ሰረዝኋት።

"ጋሼ፣ ዓሣዋ መታወቂያ ታውጣ እንዴ?" አለኝ አንዱ የባጃጅ ሹፌር። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

"እትዬ፣ ደንብ ሆኖብኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ" አልኋቸው።

እሳቸው አልሳቁም።

"ያኔ ሳታነብ ዓሣዬን ታውቃት ነበር።"

ቀሪውን እጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ፍሪዘሩ በድጋሚ ዕጣ ለአንድ መምህር ደረሰ። ስሙን እስከ አያቱ ጽፏል። እጅ ጽሑፉም ያምራል። እሱ ምን አጠፋ!

ቤት ገብቼ የሚቀጥለውን ዕጣ ደንብ ዘረጋሁ። ቁጥር ሰባትን መለስኋት። ከዚያ በኩፖኑ ቀሪ ጀርባ ላይ ያቺን ዓሣ ልሣል ብዬ ሞከርሁ። ጅራቷ እንቢ አለኝ! ሦስት ጊዜ ሣልሁ፤ ሦስቱም ማንኪያ ይመስላሉ።

ነገ ቀሪውን ይዤ ዓሣ ገበያ ልወርድ ነው። እስቲ ኮሜንት ላይ ምከሩኝ፤ እትዬ ይታይሽን "አሣሣሏን ያስተምሩኝ" ብላቸው በየትኛው ዓሣ ይመቱኛል?