ሁዳዴን የጾመው ሽጉጥ

በ፲፰፻፶፩ ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ሉቃስ፥ የጋሳይ አገር ጌታ፥ የአጥር ንስር፥ የቅል መቅሠፍት፥ ባላምባራስ በላይነህ በይፋግ ገበያ መልካም በቅሏቸውን ሰጥተው ከአንድ የምጥዋ ነጋዴ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በለወጡ በሁለተኛው ወር፥ ዐቢይ ጾም ገባ። ለፋሲካ ደብረ ታቦር ወጥተው በመኳንንቱ ፊት ሊተኩሱ አስበው ነበርና በጾሙ ሁሉ እጃቸውን ሊያለማምዱ ወደዱ።

አረሩን የሚያፈስላቸው ባለእጁ ደሳለኝም እርሳሱን አቅልጦ፥ ድቡልቡል አድርጎ ባቀረበ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቃሉን አሰማ፤ «ጌታዬ፥ እርሳስ ለስላሳ ነው። ደረቁን ከተኮሱት ከአፈሙዙ ውስጥ እየተለጠፈ ያጠብበዋል። ሞራ ይቀቡት፤ ስድስቱን በጨረሱ ቁጥርም ይፋቁት። ድምፁ ከሰለለ አረሩ ውስጥ ቀርቷልና ሌላ አይተኩሱበት። ብረት ለባላባት አያደላም።»

ባላምባራስም ተቆጡ። ነጋሪት ስላልነበራቸው እንስራ አስመትተው አዋጅ አስነገሩ፤ «በሁዳዴ ሞራ የላሰ ሽጉጥ ከቤቴ አይገኝም! እኔ ስጾም እሱ ሊገድፍ ኖሯል? ይጹም!»

የነፍስ አባታቸው አባ ገብረኪዳን ከደጀ ሰላም ሆነው መለሱ፤ «ልጄ፥ ብረት ሆድ የለውም፤ ጾምም የለበትም። አንተ ይልቅ ከትዕቢት ጹም።» ደሳለኝም «እንግዲያው የኑግ ዘይት ይሁን» ቢል፥ «ኑግ የባላገር ነው!» የሚል ሁለተኛ አዋጅ ወጣ። በዚህ ጊዜ ሚስታቸው ወይዘሮ ላቀች ከአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ያለ እንስራ አወጁ፤ «አገር ስማ! ሽጉጡ ቢፈነዳ በሌላ በቅሎ ሌላ ይለወጣል፤ የባሌ ጣት ግን ይፋግ አይሸጥም!»

ከዚህም በኋላ፥ ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ፥ ባላምባራስ ዘመቱ። በፊታቸው ጋሻውን አይጥ የበላበት ጋሻ ጃግሬ ማሩ፥ በቀኛቸው የጉናን ብርድ ሸሽተው መጥተው መሄድ የረሱ ሦስት ዘመዶች፥ በኋላቸው ደሳለኝ፥ ከሁሉም ኋላ አንድ አንካሳ ውሻ ነበሩ። ጠላት በሠላሳ እርምጃ ርቀት ከአጥር እንጨት ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው፤ እርሱም አንድ ቅል ነበር።

ከቅበላ ጀምሮ ሲለማመዱበት አንድ ቀን ባልተፋቀው አፈሙዝ ተኮሱ። አንደኛው በሰማይ አለፈ። ሁለተኛው መሬት ቆፈረ። ሦስተኛው ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። አራተኛው እንደ ሽማግሌ ሳል እህ ብሎ ዝም አለ። ደሳለኝም «ይቁም! አረሩ አልወጣም!» ሲል አወጀ። ባላምባራስ ግን «ጾሙ አድክሞት ነው እንጂ!» ብለው አምስተኛውን ሳቡ።

ምድርም ተናወጠች። አፈሙዙ እስከ መያዣው ተሰነጠቀ፤ ከቀኝ እጃቸውም ሁለት ጣት ወሰደ። ሠራዊቱ ሁሉ ሸሸ፤ ሳይሸሽ የቀረ ደሳለኝ ብቻ ነበር። እርሱም ለሽጉጡ የተከለከለውን ሞራ አውጥቶ የጌታውን ቁስል ቀባ። በዚያ ቀን ስለ ጾም የታወጀ አዋጅ የለም።

ፋሲካም በሆነ ጊዜ ደብረ ታቦር የወጣ አልነበረም። ባላምባራስ በጨርቅ የተጠቀለለ እጃቸውን በጉልበታቸው አኑረው ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ላቀችም ሥጋውን እየቆረጡ አጎረሷቸው። ጠላውን የጠጡትም ሳይነካ ከተገኘው ከዚያው ቅል ነበር፤ ወይዘሮዋ ፍቀው አጥነውታልና።

ከጠላት ወገን ማንንም ላላቆሰሉ፥ ከራሳቸው ወገን ከራሳቸው በቀር ማንንም ላልጎዱ፥ ሞራ ሳይቀምስ በጾም ለሞተው ሽጉጥ ጌታ፥ ለባላምባራስ በላይነህ ክብር ይሁን! ለቅሉም ረጅም ዕድሜ።