ታጣፊው ብስክሌትና የማይታጠፈው ቃሌ

የሚታጠፍ ነገር አትመኑ! ዕቃም ይሁን ሰው። እስቲ ከታጣፊ ወንበር ላይ ወድቆ የማያውቅ፣ በታጣፊ አልጋ ጣቱ ያልተቆነጠጠ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ... አያችሁ? ማንም የለም። እኔማ ከእናንተም ብሼ፣ በታጣፊ ብስክሌት ሰበብ ሚስት ከማጣት ለጥቂት የተረፍኩ ሰው ነኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ቤንዚን በኩፖን፣ አውቶቡስ በሰልፍ በነበረበት ዘመን። እኔ ያኔ ነቀምቴ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የምወዳት ልጅ አያንቱ ደግሞ የምታስተምረው እዚያው ወለጋ፣ ሲሬ ከተማ ነው፤ የምትኖረውም እዚያው አባቷ ቤት። አባቷ ኦቦ ቶለራ አማርኛቸው ከእኔ ከጎጃሜው የጠራ፣ ሰዓታቸውን ከፀሐይ በላይ የሚያምኑ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ስልክባቸው፣ «ሽማግሌ ብቻ አይበቃኝም፣ ልጁን ራሱን ልየው» አሉ።

ሁለት ጊዜ ተቀጠረልኝ፤ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። መጀመሪያ ነዳጅ ጠፍቶ አውቶቡሱ ቀረ። በሁለተኛው አውቶቡሱ መጣ፣ እኔ ሰልፉ ላይ ቀረሁ። ይሄኔ ኦቦ ቶለራ እንዲህ ብለው ላኩብኝ፦ «ሁለት ጊዜ ቃሉን አጥፏል። እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በሬ ላይ ካላየሁት፣ ነገሩ በዚሁ ይቁም። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ቤቴ አይገባም።»

ደነገጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም።

በዚህ መሃል ነው ብስክሌቱ የመጣው። ከምሥራቅ ጀርመን መጥቶ ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ቴክኒሽያን ወደ አገሩ ሲመለስ፣ «ለማስታወሻ» ብሎ ሰጠኝ። ጎማዎቹ ትናንሽ፣ መሃሉ ላይ ማጠፊያና መቀርቀሪያ ያለው ብስክሌት። መቀርቀሪያውን ትለቁታላችሁ፣ እጥፍ ይላል፣ ጆንያ ውስጥ ትከቱታላችሁ። አለቀ!

የማላውቀውን ነገር ለሰው ማስተማር ደግሞ ነፍሴ ነው። በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ፊት ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጓዶች! ይህ ብስክሌት ቤንዚን አይጠጣም፣ ኩፖን አይጠይቅም፣ ጭስ አያወጣም! ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ፣ ከተማ ውስጥ በብስክሌት! የወደፊቱ ሰው ተሽከርካሪውን በብብቱ ይዞ ይሄዳል!»

አንድ ጓድ እጁን አወጣ። «ጓድ፣ አንዴ የሚዘረጋ፣ አንዴ የሚታጠፍ ነገር ከወላዋይነት በምን ይለያል?»

«ይሄ... ወላዋይ አይደለም ጓድ። ወደኋላ ሲረግጡት ይቆማል እንጂ ወደኋላ አይሄድም!»

ተጨበጨበልኝ። ያንን ጭብጨባ ነው እንግዲህ ሲሬ ድረስ ይዤው የሄድኩት።

ሽማግሌዬ አቶ ሸረፋ ነበሩ፤ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ ሲሬንም ሲሬ ያሉ ሰዎችንም በንግድ የሚያውቁ ጉራጌ ጎረቤቴ። ቅዳሜ ቀድመውኝ ሲሄዱ፣ «ለኦቦ ቶለራ ይንገሩልኝ፣ ታጣፊ ስላለኝ አውቶቡስ ቢቀር እንኳ እኔ አልቀርም» አልኳቸው። መልእክቱ እንዴት እንደደረሰ የሰማሁት በኋላ ነው።

«ኦቦ ቶለራ፣ አይስጉ። ልጁ አሁን ታጣፊ ነው።»

«ታጣፊ መሆኑንማ አውቃለሁ! ሁለት ጊዜ ታጥፏል!»

«ኧረ ብስክሌቱን ማለቴ ነው! ብስክሌቱ ይታጠፋል።»

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ! የእሱ መታጠፍ አንሶ ብስክሌቱም ይታጠፋል?!»

እሁድ ማለዳ፣ ተውሼ የለበስኩት ሱፍ ላይ ከረባት አስሬ፣ ብስክሌቴን በጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አውቶቡሱም መጣ፣ እኔም ገባሁ። ሐሳቤ ሲሬ ወርጄ ከከተማው ወጣ እስካለው የኦቦ ቶለራ ቤት እየጋለብኩ መድረስ፣ ጎረቤቱም አያንቱም እንዲያዩኝ ነበር። በተለይ አያንቱ!

ሲሬ ለመድረስ ጥቂት ዳገት ሲቀረን ኬላ ላይ ቆምን። ያኔ ከወለጋ ቡና በድብቅ እንዳይወጣ ፍተሻው የጉድ ነው። ጠባቂው ጆንያዬን በእግሩ ነካ አደረገው።

«የማነው?»

«የእኔ ነው ጓድ።»

«ቡና ነው?»

«ብስክሌት ነው።»

«ብስክሌት በጆንያ?»

«ይታጠፋል።»

«ዘርጋው!»

አውርጄ ዘረጋሁት። ሰውዬው አየ፣ አመነ፣ «በል ሂድ» አለኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ እዚህ ላይ ዝም ብዬ አጥፌው ብሳፈር ምን ነበረበት? ግን ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከቦኛል። ያ ጭብጨባ ትዝ አለኝ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፤ ከፈትኩት።

«ጓዶች! ቤንዚን አይጠጣም፣ ኩፖን አይጠይቅም! አሁን ደግሞ በአንድ እስትንፋስ ሲታጠፍ ታያላችሁ!»

መቀርቀሪያውን ሳብኩ። እንቢ። ገፋሁ። እንቢ! በጉልበቴ ተጫንኩት፣ ከረባቴ መጋጠሚያው ውስጥ ገብቶ አንገቴን ያዘኝ። ከረባቴን አስለቅቄ በድንጋይ ቀጠቀጥኩት። ዶሮ ያቀፉ አንዲት ገበያተኛ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ! ይሄስ ከእኛ በሬ ባሰ። አንተም ተወው፣ እሱም ይረፍ።»

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ጣሪያው በጆንያና በቅርጫት ሞልቷል፤ የተዘረጋ ብስክሌት መጫኛ ቦታ የለም። «ወይ እሱን ትተህ ና፣ ወይ ከእሱ ጋር ቅር!» አለኝ። ትቼው ልሂድ? «ብስክሌቱ የታለ?» ሲሉኝ ምን ልል ነው? ውሸታም ልባል? እኔ ሳስብ አውቶቡሱ ሄደ። የኬላው ጠባቂ ከልቡ አዘነልኝ።

«ጓድ» አለኝ፣ «ቡና ቢሆን ይሻልህ ነበር።»

ሰዓቴን አየሁ። ለአራት ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አልነግራችሁም... እሺ፣ ልንገራችሁ። ዳገቱን እኔ ተሸከምኩት፣ ቁልቁለቱን እሱ ተሸከመኝ። አቧራው ሱፉን ከመንገዱ ጋር አንድ መልክ አደረገው። ብስክሌቴን እየገፋሁ ላቤን ሳንጠፈጥፍ አህያ የሚነዱ አንድ ገበሬ አለፉኝ፤ በአህያ ተቀደምኩ ማለት ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌሳ? እንዴት አደርክ ወንድሜ? ታሞብህ ነው?»

«ደህና ነው፣ እየወሰድኩት ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? የወደፊቱ ሰው ተሽከርካሪውን ይዞ ይሄዳል ብዬ የለ!

ልቤ ይመታ የነበረው ግን በዳገቱ ብቻ አልነበረም። አያንቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ፣ አባቷ «አላልኩሽም?» ሲሏት ይታየኝ ነበር። እሱ ነው ያስሮጠኝ።

የመጨረሻው ቁልቁለት የሚያልቀው እሳቸው በር ላይ ነው። ከላይ ሆኜ አየኋቸው፤ ኦቦ ቶለራ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል፣ አቶ ሸረፋ አጠገባቸው፣ አያንቱ ከኋላቸው ቆማለች። ኦቦ ቶለራ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ላይ አውልቀው በመዳፋቸው ይዘውታል! ወጣሁበትና ለቀቅሁት። አቤት አወራረድ! ከረባቴ በትከሻዬ ላይ ይውለበለባል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከአጥሩ ብቅ ብሏል፣ አያንቱ አፏን በእጇ ይዛለች። ልክ በሩ ፊት ስደርስ፣ ለመቆም ወደኋላ ረገጥኩ።

ቀጭ!

ስለምነው፣ በድንጋይ ስቀጠቅጠው እንቢ ያለው መቀርቀሪያ፣ ያኔ እሺ አለ። ብስክሌቱ እንደ መጽሐፍ ተከደነ። እኔ መሃሉ ላይ ነበርኩ።

አንድ እግሬ በሰንሰለቱ፣ አንድ እግሬ በመሪው በኩል ወጥቶ ኦቦ ቶለራ እግር ሥር ተዘርግቻለሁ። ወይም ታጥፌያለሁ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

«ኩን ማሊ?» አሉ ኦቦ ቶለራ። ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው።

አቶ ሸረፋ ፊታቸው በኩራት በራ። «አላልኩዎትም? ታጣፊ ነው!»

ኦቦ ቶለራ ሰዓታቸውን አዩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል» አሉ ቀስ ብለው። «ብስክሌቱ ታጠፈ። ሰውዬውም ታጠፈ። ቃሉ ግን አልታጠፈም። ኮቱ፣ ኢልማ ኮ... ና ልጄ፣ አረፍ በል።»

ማረፍማ ከየት ይምጣ! የወደቅሁት በመቀመጫዬ ነው፤ የተጠመዘዘው ጉልበቴም አልታጠፍ ብሏል። ምርቃቱን ቆሜ ተቀበልኩ፣ ምሳዬን ቆሜ በላሁ፤ ጎረቤቱ «እንዴት ያለ አክባሪ ልጅ ነው፣ በአማቱ ፊት አይቀመጥም» ብሎ አደነቀኝ።

ይኸውና ከአያንቱ ጋር አርጅተናል። ልጆቻችንን ስትመክር ሁልጊዜ በእኔ ትምላለች፦ «አባታችሁን ምሰሉ፤ ከጋብቻችን ጀምሮ አንድ ቀን ቃሉን አጥፎ አያውቅም!»

እውነቷን ነው። ከዚያች እሁድ ወዲህ ጉልበቴም ታጥፎ አያውቅም።